በአዴላር ስም የተከፈተው ማሳ

ባሌ አዴላር መለመን አይወድም። ዳሌው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ምርኩዝ ያዝ ቢለው፣ "ምርኩዝ ለሽማግሌ ነው" ብሎ ግድግዳ እየዳበሰ ቤቱ የገባ ሰው ነው። ያኔ ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በዓመት አንድ ቀን ግን ይለምናል። ቅጠሉ ረግፎ መሬቱ መጠንከር ሲጀምር ጢሙን ይላጫል፣ ለቤተ ክርስቲያን ልበስ ብዬ የምጨቀጭቀውን ነጭ ሸሚዝ ሳልነግረው ይለብሳል፣ ከገደለው አጋዘን ጭን ምርጡን በወረቀት ጠቅልሎ አክስቴ አልፎንሲን ቤት ይሄዳል።

አክስቴ አልፎንሲን የእኔም የእሱም አክስት አይደሉም። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ዕድሜ የጠገበች ሴት ሁሉ አክስት ናት። ባሌ የሚለምናቸውም ገንዘብ አይደለም፤ በማሳቸው የማለፊያ ፈቃድ ነው። በረዶ ላይ በሚንሸራተት ሞተር ከመንደራችን ከሴንት ኦዲል ወጥቶ ሰሜን ወዳለው ትልቁ የበረዶ ሞተር መንገድ መድረስ የሚፈልግ ሰው በእሳቸው ማሳ በኩል ካልሆነ አይደርስም። በግራ ወንዙ አለ። በቀኝ ትራክተር የዋጠ ረግረግ አለ፤ ቀልዴን አይደለም፣ ትራክተሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አዴላር የበረዶ ሞተር ክለባችን የመንገድ አለቃ ነው። ነበር ማለት አለብኝ፣ ግን አፌ እንቢ ይለኛል። ቁጥቋጦውን የሚመነጥረው፣ ድልድዩን የሚጠግነው፣ በየማሳው ዳር ካስማ የሚተክለው፣ በረዶው ሲወርድ በትልቁ ማሽን መደልደያ እየጎተተ መንገዱን የሚደለድለው እሱ ነበር። ሰው በእሱ መንገድ ላይ እየበረረ ሲዝናና እሱ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ሳንድዊች ይበላል። እኔም "ምነው ከማሽኑ ጋር ተጋብተህ ቢሆን" እለው ነበር፤ "እሷ አትናገርም" ይለኛል።

ልመናው የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ አይቻለሁ። ቀጥታ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ስለ ድንቹ ይወራል፣ የማን ማሳ እንደበሰበሰ፣ የማን እንደተረፈ። ከዚያ ስለ ሞቱት፣ ከዚያ ስለ ታመሙት። ፕሎይ የምንለው ስስ ቂጣ ይቀርባል፣ ቅቤና ሞላሰስ ይደረግበታል፣ ይበላል። አዴላር ዝም ይላል። ዝምታው ሲበዛ አክስቴ ይጀምራሉ።

"እና?"

"እና በረዶው እየመጣ ነው።"

"ጉልበቴ ከአንተ በፊት ነግሮኛል።"

"እንደ አምናው እናልፍ እንደሆነ ብዬ ነው አክስቴ።"

"ጎማ ያለው ሞተርስ?"

"ጎማ የለም። እኔ እያለሁ በእርስዎ ማሳ ጎማ አያልፍም።"

"እንግዲያው እለፉ። ና፣ አንድ ቂጣ ድገም።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። የመንደራችን ክረምት፣ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ሁሉም የቆመው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ቃል ላይ ነበር። አዴላር ለወጣቶቹ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረችው፤ "የእኛ መንገድ መሬት ላይ አይደለም፣ በረዶ ላይ ነው። በረዶው ሲሄድ መንገዱም ይሄዳል።" በረዶው ሊሟሟ ሲል ካስማውን ሁሉ ይነቅልና በማሳው መግቢያ ላይ የብረት ገመድ ወጥሮ ይቆልፋል። ይህ ነገር የማይገባቸው ሰዎች አሉ። ክረምቱን ሙሉ የበረሩበትን ቦታ በጭቃው ወቅት ሲያገኙት የአባታቸው ርስት ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ክሎቪስ ልምጣ። በእኔ ቢሆን ኖሮ ስሙን ባልጠራሁት፣ ግን ያለ እሱ ነገሩ አይነገርም።

ክሎቪስ ከአዴላር ጋር በአንድ ረድፍ ድንች እየለቀመ ያደገ ነው። ድልድዩን ሁለቱ ናቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው የሠሩት። የልጄ የክርስትና አባት ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ ነዳጅ ማደያና ሱቅ አለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በረዶው ዘግይቶ እየመጣ ቶሎ ይሄድ ጀመር፤ በጥር ወር ዝናብ የዘነበበት ዓመትም ነበር። የክሎቪስ ማደያ ጭር አለ። ያን ጊዜ ባለአራት ጎማ ሞተር ገዛ፣ ከዚያም የባለአራት ጎማ ክለብ አቋቁሞ ሊቀ መንበር ሆነ። እኛ የበረዶ ሰዎች፣ እነሱ የጎማ ሰዎች ተባልን።

አዴላር አልተጣላውም። እንዲያውም ድልድዩን አብረን እንጠቀም ያለው እሱ ነው። በአሮጌው ባቡር ሐዲድ በኩል መንገድ መንጥሮ እስከ አክስቴ ማሳ ጠርዝ ድረስ አደረሳቸው። እዚያ ሲደርሱ ወደ አስፋልቱ ይታጠፋሉ። ክለቡ ቤት ባቄላ የምንበላበት የቅዳሜ እራት ላይ ተነስቶ ተናገረ፤ ለመናገር የማይነሳው ሰውዬ።

"እስከ ገመዱ አብረን ነን። ከገመዱ ወዲያ ጎማ የለም። ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ሰማችሁ?" አለ ክሎቪስ እየሳቀ። "ከገመዱ ወዲያ የአዴላር እጮኛ ናት ያለችው።"

"ቅናትህ ነው" አለው አንዱ ከወዲያኛው ጠረጴዛ። "አንተን እንኳን አክስቴ ሊያስገቡህ፣ ድመታቸውም አታስገባህም።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያናድደኛል።

የጭቃው ወቅት መጣ፣ ግንቦት ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ እኔ ስጠጋ ዝም አሉ። ስለ ልደት ድግስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ የአዴላር ልደት ተቃርቦ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ የሞተር ድምፅ ሰማን፣ ብዙ ሞተር፣ ከወንዙ በኩል። አዴላር መሪውን እንደያዘ ጆሮውን አቀና።

"ከገመዱ ወዲያ ነው" አለ።

"ከመንገዱ ይሆናላ።"

"ጀርሜን፣ የአስፋልት ድምፅና የጭቃ ድምፅ አልለይም እንዴ?"

ስንደርስ ገመዱ ሣር ላይ ተኝቷል። ካስማ ላይ አዲስ ምልክት ተሰቅሏል፤ የሁለቱም ክለብ ዓርማ አለበት፣ ባለአራት ጎማ ሞተርም ተስሎበታል። ማሳው እንዳልነበር ሆኗል። የአክስቴ የወንድም ልጅ ላሞቹን የሚቀልብበት ሣር ነበር፤ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተገልብጧል፣ ጎማው የቆፈረው ቦይ ውሃ ይዟል። አንዱ ሞተር ተቀርቅሮ ሦስት ሰዎች እየገፉት ይሳሳቃሉ። ከሩቅ ከተማ የመጡ ናቸው፣ አላውቃቸውም። አንደኛው ግን ባሌን አወቀው፤ ባሌ ባደረገው ኮፍያ ላይ የክለባችን ስም ተጽፏል።

"አዴላር ማለት አንተ ነህ አይደል? እግዜር ይስጥህ አባቴ! አዴላር ከፈተልን አሉን።"

አዴላር ጎንበስ ብሎ ገመዱን አነሳ፣ ጓጉንቸሩን አገላብጦ አየ። አልተሰበረም፣ አልተቆረጠም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ሁለተኛው ቁልፍ ከድልድዩ ሥራ ጊዜ ጀምሮ ክሎቪስ ዘንድ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ቀና ስል አክስቴ አልፎንሲን መስኮታቸው ላይ ቆመው ያያሉ። ወደ እኛ ነበር የሚያዩት፣ ወደ ሞተሮቹ አልነበረም። ከዚያ መጋረጃውን ለቀቁት።

ሰዎቹን ከማሳው አስወጣቸው። ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ "ውጡ" ብቻ ብሎ። ገመዱን መልሶ ቆለፈ። ከዚያ ወደ ክሎቪስ ሱቅ ሄድን።

ክሎቪስ ባንኮኒው ኋላ ቆሟል። የክለባችን ሁለት ሰዎች ቡና ይዘው ጥግ ተቀምጠዋል። ባሌ ሲገባ ወሬያቸውን አቆሙ።

"ገመዱን ማን ፈታው?"

"መጀመሪያ ቁጭ በል።"

"ቁጭ አልልም። ማን ፈታው?"

"እኔ ነኝ። ግን ስማኝ ወንድሜ፣ ዛሬ እንዲገቡ አልነበረም። መሬቱ እስኪደርቅ ልንጠብቅ ነበር። ምልክቱን ልሰቅል ሄጄ ገመዱን ሳልመልስ መጣሁ። እነዚህ ደደቦች ምልክቱን ሲያዩ ገቡ።"

"በማን ፈቃድ ነው የምትሰቅለው?"

"በሬኖልድ።"

ሬኖልድ የአክስቴ አንድ ልጃቸው ነው፣ ሩቅ ደቡብ ኮነቲከት ነው የሚኖረው፣ ለገና ይመጣል ወይም እመጣለሁ ይላል። አክስቴ ማሳውን በስሙ አዙረውለታል፤ ግን እስኪሞቱ ድረስ አዛዧ እሳቸው እንዲሆኑ ተዋውለው ነው። ይህን የማያውቅ የመንደራችን ሰው የለም።

"እናቱ በሕይወት እያሉ ሬኖልድ ምን አገባው?"

"አገባውም አላገባውም እሺ አለ። እማዬ አሁን አትስማ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለ።"

"ሬኖልድ እናቱን ያን ያህል አይደፍርም። ምን ብለህ ነው እሺ ያሰኘኸው?"

ክሎቪስ ባንኮኒውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ ነበር ባንኮኒው።

"ምን አልከው ክሎቪስ?"

"አዴላር ተስማምቷል አልኩት።"

ጥግ የተቀመጡት ሁለቱ ወደ ብርጭቆዎቻቸው አቀረቀሩ።

"ምን ላድርግ?" አለ ክሎቪስ፣ ድምፁ ከፍ አለ። "ስምህን ካልጠራሁ ማን ይሰማኛል? ሬኖልድ አዴላር ካለበት ችግር የለም አለ፣ ወዲያው። ሰዉም እንደዚያው። በረዶ የለም አዴላር! ማሽንህ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ስትዝግ አታይም? በጋውን ካልሠራን ይኼ መንደር በምን ይኑር?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እምቢ ትላለሃ!"

"አዎ፣ እምቢ እል ነበር።" ከዚያ ወደ ጥግ ዞረ። "እናንተም ታውቁ ነበር?"

ቡናቸውን ትተው ኮፍያቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ነው የቤተ ክርስቲያኑ በር ትዝ ያለኝ። ስለ ድግስ አልነበረም ዝምታው። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እኔ ልጃቸውን ሲወልዱ ያረስኳቸው ሴቶች ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ? ፈረሱ አንድ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። ለክሎቪስ የምለውን አልኩት፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ቄሱ ያነቡታል።

መኪና ውስጥ ስንገባ አዴላር መሪውን ወደ አክስቴ ቤት አቅጣጫ አዞረ።

"አሁን አክስቴ ጋ እንሄዳለን" አለ። "አንቺ ግን ቃል እንዳትተነፍሺ።"

"ለምንድነው የማልተነፍሰው? እውነቱን እንነግራቸዋለን፣ ያበቃል።"

"የትኛውን እውነት? ልጅዎ ከጀርባዎ ሰጠን ልበላቸው? አንድ ልጅ ነው ያላቸው ጀርሜን። በዚህ ዕድሜ ያን ተሸክመው ይተኙ? እኔ ጎረቤት ነኝ። ጎረቤት ቢከዳ ያልፋል።"

"አንተ ምን አደረግህና ነው..."

"ሆድ ይፍጀው። በቃ።"

አክስቴ በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ግቡ አላሉንም።

"ማን ነው የከፈተው አዴላር?"

"እኔ ነኝ አክስቴ።"

"አንተ?"

"ክለቡ ለመነኝ። እሺ አልኩ። መሬቱ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ ብዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እንዲህ ብሎ ሲናገር ጎኑ ቆሜ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አዩት። ትንሽ ሴት ናቸው፣ ወደ ላይ ነው የሚያዩት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"መልካም። ከዛሬ ጀምሮ በጎማም በበረዶም ማንም በማሳዬ አያልፍም። ደህና ዋሉ።"

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። የሰው ነገር ይገርማል፤ ማሳው ተዘግቶ መንገዱ መሞቱ ሲታወቅ ጥፋተኛው አዴላር ሆነ። "አክስቴን የያዘው እሱ አልነበር? ምናለ ደህና አድርጎ ቢለምናቸው" አሉ። እውነቱን የሚያውቁት ናቸው እንዲህ ያሉት። እሱ ግን ጥፋቱን በራሱ አፍ ስላመነ ማስተባበል አይችልም፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የማሽኑን ቁልፍ ክለቡ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ማንም ተመለስ አላለውም። ክሎቪስ አንድ ቀን በረንዳችን ድረስ ዓሣ ይዞ መጣ። ዓሣውን ለድመቱ ሰጠሁ፣ እሱን ግን ደጅ ላይ ተውኩት።

በጋውን ሙሉ ባሌ አትክልት ውስጥ ዋለ። አረም በሌለበት ያርማል። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ቀና ይልና "በአንድ ረድፍ ነው እኮ ድንች የለቀምነው" ይላል። ሌላ ጊዜ ስማቸውን ይቆጥራል፣ ማን ማን ያውቅ እንደነበር። "እሱም ከድቶኛል። እሱም።" አክስቴን በቅዳሴ ያያቸዋል፣ እጅ ይነሳል፣ እሳቸውም እጅ ይነሳሉ፣ ንግግር የለም። ያ ነው ከሁሉም የበላው። ክሎቪስን ቢጠላ መጥላት ይችላል፤ እሳቸው ዘንድ ግን ስሙ መሬት ላይ ወድቋል፣ የጣለውም ራሱ ነው። ያቺን የአክስቴን እምነት ከማጣት ዳሌው እንደገና ቢሰበር ይመርጥ ነበር። እኔም ይህን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ቅጠሉ ረገፈ። አዴላር ጢሙን ሲላጭ አየሁት።

"የት ልትሄድ ነው?"

"አክስቴ ጋ።"

"ምን ልትለምን? መንገድ የለህ፣ ክለብ የለህ።"

"ምንም አልለምንም። በየዓመቱ ስለምሄድ ነው።"

"እኔም እመጣለሁ" አልኩት። ያሰብኩትን አልነገርኩትም።

ይህን ጊዜ ግቡ አሉን። ምድጃው ይነድ ነበር። ስለ ድንቹ ተወራ። ስለ ሞቱት ተወራ። ፕሎዩ ቀረበ፣ አዴላር ቆርሶ ያዘው እንጂ አልበላም። ዝምታው መጣ። አክስቴ ግን "እና?" አላሉም። እኔ ነኝ የጀመርኩት።

"አክስቴ፣ እሱ አልከፈተም።"

"ጀርሜን!" አለ አዴላር።

"ዝም በል፣ በጋውን ሙሉ ዝም ብዬልሃለሁ። አክስቴ፣ እሱ ምንም አያውቅም ነበር። ክሎቪስ ነው በስሙ የነገደው። እሺ ያለው ደግሞ..." ወደ አዴላር ሳላይ ቀጠልኩ። "እሺ ያለው ሬኖልድ ነው።"

አክስቴ አልደነገጡም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

"አውቃለሁ" አሉ።

አዴላር ቀና አለ።

"ሞተሮቹን ያየሁ ዕለት ነው የደወልኩለት። ሬኖልድ ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከልጅነቱ ነው። ሁለቴ ስጠይቀው አመነ። አዝኛለሁ፣ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ልጄ ይዋሸኛል፣ አባቱም ይዋሸኝ ነበር። ለምጄዋለሁ።" ከዚያ ወደ ባሌ ዞሩ። "እናንተ በሬን ስታንኳኩ ስልኩን ገና ማስቀመጤ ነበር። አዴላር እውነቱን ሊነግረኝ መጣ አልኩ። ቢነግረኝ ኖሮ ያኔውኑ ማለፊያውን እመልስልህ ነበር። እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ሁለተኛ ዕድል ሰጠሁህ።"

"ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ ነው አክስቴ።"

"ልቤ የኔ ነው። ማን ጠብቅልኝ አለህ?" የተቀመጠበትን ወንበር በጣታቸው አመለከቱ። "በየዓመቱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ጎማ አያልፍም ስትለኝ ወጥቼ አላይም ነበር። አዴላር ብሏል፣ አበቃ። አሁን የነገርከኝን ሁሉ እየመለስኩ አስባለሁ። የትኛው ነው ለእኔ ተብሎ የተዋሸው? በምን ልወቅ?"

አዴላር የያዘውን ቂጣ ሳህኑ ላይ መለሰ።

"ብሉ፣ ቂጣው ይበርዳል" አሉ አክስቴ። በላን። ስንወጣ በር ድረስ ሸኙን፣ እንደ እንግዳ።

መኪናው ውስጥ ቁልፉን ይዞ ሳያስነሳ ተቀመጠ። ስለ ነገርኳቸው ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም።

"በጋውን ሙሉ ከዱኝ፣ ከዱኝ ስል ከረምኩ" አለ። "እሳቸውም እዚህ ቁጭ ብለው አዴላር ከዳኝ ሲሉ ከርመዋል።"

መኪናውን አስነሳና በአስፋልቱ በኩል ወደ ቤታችን ሄድን።